ከታላቅ ወደ ታናሽ

እንደሻው የሞተው ተቀቅሎ ነው። ሻል ያለ ቃል ፈልጌ ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በምርመራ መዝገብ ላይ «ሕይወቱ አልፎ ተገኘ» እያልኩ ብዙ ነገር ሸፍኛለሁ። ለዚህኛው ግን ሽፋን የሚሆን ቃል አላገኘሁም።

አርብ ስምንት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው፣ ከሐረር ኤረር በር ወጣ ብሎ ካለው የሳሙና ፋብሪካ ደረስን፤ እኔና ሳጅን ዳዊት። ሠራተኛው በሙሉ ግቢው ውስጥ ቆሟል። ሬሳው በሳሙና መጠቅለያ ላስቲክ ተሸፍኖ መሬት ላይ ተጋድሟል። ገለጥ አድርጌ አየሁና መልሼ ሸፈንኩት። ዳዊት ከጎጃም ተመድቦ ከመጣ ገና ዓመት አልሞላውም። ጎበዝ ልጅ ነው፤ ያን ቀን ግን አጥሩ ሥር ሄዶ አስመለሰው።

ነገሩን ያስረዳኝ የጥገና ኃላፊው ደረጀ ነው። ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው፤ ከአዲስ አበባ ተቀጥሮ የመጣ፣ ንግግሩ የተለካ ሰው። ቀኝ እጁ በፋሻ ተጠቅልሏል።

ሞራና ዘይት የሚቀቀልባቸው ሁለት የብረት ጋኖች ጎን ለጎን ቆመዋል፤ ቁመታቸው ከሁለት ሰው ይበልጣል። ሠራተኛው ትልቁን ታላቅ፣ ትንሹን ታናሽ ይላቸዋል። ቦይለሩ እንፋሎቱን ለታላቅ ይሰጣል፤ ታላቅ ደግሞ አናቱ ላይ ባለው ወፍራም ቧንቧ ለታናሽ ያካፍላል። በመካከላቸው ግፊቱን የሚቆጣጠር ቫልቭ አለ።

«ታናሽን ለመፋቅ ሰው ሲገባ ቫልቩ ይዘጋል፣ የሚዞርበት መዘውርም ይወልቃል» አለኝ ደረጀ። «የሚገባው ሰው መዘውሩን ውጪ ለሚቆም ጓደኛው ይሰጣል። አማና ይሉታል፣ አደራ ማለት ነው። አማናውን የተቀበለ ሰው ከጋኑ አጠገብ አይንቀሳቀስም። መሰላሉን የሚያወጣውም የሚያወርደውም እሱ ነው።»

«መሰላሉ ለምን ይወጣል?»

«ግድግዳውን ለመፋቅ ያውካል። ውስጥ ያለው ሲጨርስ ብረቱን ያንኳኳል፣ ውጪ ያለው ያወርድለታል።»

«ዛሬስ አማናውን የያዘው ማን ነበር?»

ደረጀ መሬት መሬቱን አየ። «ዓሊዪ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አብረው ሠርተዋል።»

ቀና ብዬ ቫልቩን አየሁት። መዘውር የለውም። ዘንጉ ግን ወደ ላይ ወጥቷል፤ ወለል ብሎ ተከፍቷል ማለት ነው።

«ሌላ መዘውር አለ?»

«የለም። አንድ ብቻ ነው።»

«አንተ የት ነበርክ?»

«ፈረስ መጋላ ምሳ እየበላሁ። ቦይለር ላይ የሚሠራው ጋሼ ወርቁ ስልክ ደውሎ ‹ግፊቱ እየወረደ ነው› ሲለኝ በባጃጅ መጣሁ። ስደርስ ሰባት ሰዓት ከአምስት ይሆናል። ሁሉም ነገር አልቋል። እጄንም እሱን ሳወጣ ነው የተቃጠልኩት።»

በዙሪያችን ያሉት ሠራተኞች በአድናቆት አዩት። እኔም፣ እውነቱን ልናገር፣ አመሰገንኩት።

ይህን ስንነጋገር አንድ ነጭ ኮፍያ ያደረገ ሰው እየሮጠ በበሩ ገባ። ላስቲኩን ሲያይ ቆመ። ከዚያ እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ መዳፍ የሚያህል ክብ ብረት አወጣና ለዳዊት ዘረጋለት።

«የእንደሻው አማና ነው» አለ። «እኔ ነኝ የገደልኩት።»

ዳዊት ሁለተኛ እንዲናገር አልጠበቀውም፤ ካቴናውን አወጣ።

ጣቢያ ስንደርስ ዓሊዪ ውሃ እንኳን አልቀበልም አለ። ሃምሳ ዓመት ያለፈው፣ ትከሻው ሰፊ፣ ጥፍሮቹ በሳሙና የነጡ ሰው ነው።

«አማና ተይዞ አይኬድም» አለኝ። «እኔ ግን ይዤ ጁምዓ ሄድኩ።»

«ዛሬ ብቻ ነው?»

«ሁልጊዜ አርብ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት። የሚልከኝ እሱ ነው። ‹መዘውሩ ኪስህ ውስጥ እያለ ማን ይከፍተዋል? ሂድ፣ ለእኔም ዱዓ አድርግልኝ› ይለኛል። እስክመለስ ውስጥ ሆኖ እየፋቀ ይጠብቀኛል። እሁድ ደግሞ እሱ ቅዳሴ ይሄዳል፣ የሱን ሥራ እኔ እይዛለሁ።»

«መዘውሩን ለሰው ሰጥተህ ነበር?»

«ወላሂ ከኪሴ አልወጣም።»

«ታዲያ ቫልቩን ማን ከፈተው?»

«እኔ እንጃ። አንቺው ንገሪኝ። መዘውሩ እኔ ጋ ነው፤ እኔ ካልሆንኩ ማን ይሆናል?»

ዳዊት ኮሪደሩ ላይ ጠበቀኝ። «አምኗል እኮ፣ ኢንስፔክተር። ከፍቶት ሄደ፣ አለቀ። ምክንያትም አለው። ከሁለት ሳምንት በፊት የፈረቃ አለቃነቱን ለእንደሻው ሲሰጡት ዓሊዪ ተዘሏል። ሰኞ ጠዋት ፍርድ ቤት እናቀርበዋለን።»

ልጁ አልተሳሳተም፤ መዝገቡ ሲታይ እሱ ያለው ነው። ግን ሰው በሁለት መንገድ ነው የሚያምነው፤ አድርጎ ሲይዙትና ሳያደርግ ሲቆጨው። ዓሊዪን ሳየው ሁለተኛው መሰለኝ፤ መምሰል ግን ማስረጃ አይደለም። እሱ ራሱ «እኔ ነኝ» እያለ ፍርድ ቤት ከቆመ የሚያድነው እንደማይኖር አውቅ ነበር። ያለኝ ጊዜ ቅዳሜና እሁድ ብቻ ነው።

ቅዳሜ እንደሻው ተቀበረ። ከቀብር በኋላ አቦከር ወደሚገኘው ቤቱ ሄድኩ። ድንኳኑ ውስጥ ሰው ሞልቷል፤ እንደ ወትሮው ግን አልተቀላቀለም። የፋብሪካው ሙስሊሞች ባንዱ ጥግ፣ የእንደሻው ዘመዶች በሌላው ጥግ ተኮራምተዋል። ሐረር ተወልጄ አርባ ስድስት ዓመት ኖሬ ለቅሶ ቤት እንዲህ ለሁለት ተከፍሎ አላየሁም። በጣም ከፋኝ።

ባለቤቱ ገላነሽ እንደ ተቀመጠች እጄን ያዘችኝ። «ዓሊዪ የታለ?»

«እኛ ጋ ነው፣ ወይዘሮ ገላነሽ።»

«ገድሎት ከሆነ ፊት ለፊት ንገሪኝ፣ አልጮህም። ካልገደለው ግን ሠልስቱ ሳይደርስ ፍቺልኝ። ሁለት ሐዘን አንድ ላይ መቀመጥ አልችልም።»

«በሹመቱ ተቀያይመው ነበር ይባላል።»

«ማነው የሚለው? እንደሻው እኮ ‹ዓሊዪ ይቅደመኝ፣ በሥራ የሚበልጠኝ እሱ ነው› ብሎ ደብዳቤ ጽፎ አስገብቷል። ዓሊዪ ነው ‹እምቢ ካልክ አላናግርህም› ብሎ የተቆጣው። የተጣሉት በዚህ ነው፤ እርስ በርስ ሲሰጣጡ።»

ደብዳቤውን ዳዊት ከፋብሪካው ቢሮ አገኘው። አንብቦ ሲጨርስ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠልኝ። የዓሊዪ ጥፋት በዚህ አይፋቅም፤ ምክንያቱ ብቻ ነው የጠፋው።

ቀጥዬ ሬሳውን የመረመረችው ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ዶክተር ራሔል ነገር አታበዛም።

«ሁለት ቃጠሎ ነው ያለው» አለችኝ። «እግሩ ከጉልበቱ በታች ቀስ በቀስ ነው የተቃጠለው፤ ደቂቃዎች ወስዷል። ከወገቡ በላይ ያለው ግን በአንድ ጊዜ፣ በጣም ብዙ እንፋሎት ነው። የገደለውም ይኸኛው ነው።»

«የትኛው ይቀድማል?»

«እግሩ። የጣቶቹ አንጓዎች ደግሞ ተላልጠዋል። ሲደበድብ ነበር።»

«እግሩ ብቻ ተቃጥሎ ቢወጣስ?»

ራሔል መነጽሯን አወለቀች። «ሆስፒታል ወራት ይተኛ ነበር። ጣቶች ያጣ ይሆናል። ይኖር ነበር ግን።»

የሁለቱ ጋኖች ቧንቧ የሚገባው ከላይ ነው። እንፋሎቱ በቫልቩ ብቻ መጥቶ ቢሆን መጀመሪያ የሚቃጠለው ራሱና ትከሻው ነው። እግሩን ማን ነካው? ይህን እያብሰለሰልኩ ተመልሼ ፋብሪካው ገባሁ።

ከጋኖቹ ክፍል በግድግዳ የሚለየው የማሸጊያው ክፍል ነው። አርብ ምሳ ሰዓት እዚያ የነበረችው ሳዳ ብቻ ናት፤ ሳሙና የምትጠቀልል፣ ፈጣንና ተጫዋች ሴት። ያን ቀን ግን ጨዋታ አልነበራትም።

«ጩኸት ሰምተሽ ነበር?»

«በቦይለሩ ፋን ምክንያት የሰው ድምፅ አይሰማም። ማንኳኳት ሰምቻለሁ።»

«አልተነሳሽም?»

«ቧንቧው መሰለኝ!» እንባዋ መጣ። «በእኛ ግድግዳ የሚያልፍ ቧንቧ አለ፤ ሁልጊዜ ቋ ቋ ይላል። ያረጀ ሰውዬ እንደሚስለው ማለት ነው፣ ለምደነዋል። ይኼን ሳምንት ዝም ብሎ ከርሞ ‹ተሻለው› ብለን ስንስቅ ነበር። አርብ ሲያንኳኳ ‹ደሞ አገረሸበት› አልኩና ምሳዬን በላሁ። ወላሂ ምሳዬን በላሁ።»

«እስከ መቼ አንኳኳ?»

«የሰባት ሰዓት ዜና በሬዲዮ ሊጀምር ሲል ትልቅ ፉጨት ሰማሁ። ከዚያ በኋላ አላንኳኳም።»

ላጽናናት ሞከርኩ፤ ጥሩ አጽናኝ አይደለሁም። ከሷ የያዝኩት አንድ ነገር ነው፦ ዓመት ሙሉ ሲያንኳኳ የኖረ ቧንቧ ሳምንት ሙሉ ለምን ዝም አለ?

ጋሼ ወርቁ ቦይለሩ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ስድሳውን የተሻገሩ፣ ሁሉን ነገር የሚጽፉ ሰው ናቸው። አንድ ጊዜ ያላጠፉትን አጥፍተዋል ተብለው ከዚያ ወዲህ የደብተር ሰው ሆነዋል።

«ያ የሚያንኳኳው ቧንቧ ምንድን ነው፣ ጋሼ?»

«የውሃ መውረጃው ነው። እንፋሎት ሲበርድ ውሃ ይሆናል አይደል? የታላቅም የታናሽም ውሃ ከሥር ወጥቶ አንድ ቧንቧ ላይ ይገናኛል። የታላቅ ግፊት ወደ ታናሽ እንዳይመለስ በታናሽ በኩል ምላስ አለ፤ ውሃ ሲወጣ ይከፈታል፣ ሊመለስ ሲል ይከደናል። አርጅቷል፤ ሲከፈትና ሲከደን ነው የሚያንኳኳው።»

«ምላሱ ባይኖርስ?»

ሽማግሌው አዩኝ። ከዚያ ከተቀመጡበት ቀስ ብለው ተነሱ። «አያንኳኳም» አሉ። «ግን ቧንቧው ውስጥ የቆመው ውሃ ፈስሶ ሲያልቅ እንፋሎቱ ከታላቅ ወደ ታናሽ በሥር ይመለሳል። መዘውሩ ቢወልቅም ባይወልቅም።»

ደብተራቸውን አመጡልኝ። ምሳ ሰዓት ላይ የቦይለሩን መስመር ዘግተው ታላቅን በያዘው እንፋሎት ስለሚተዉት፣ ግፊቱን በየአምስት ደቂቃው ይጽፋሉ። የአርቡ ገጽ ላይ በንጹሕ እጅ ጽሑፍ ሰፍሯል፦ ስድስት ከአርባ፣ አራት። ስድስት ከአርባ አምስት፣ አራት። ሃምሳ ላይ ሦስት ተኩል። ሃምሳ አምስት ላይ ሦስት። ሰባት ሰዓት ላይ ዜሮ ነጥብ ሦስት።

«መጀመሪያ በቀጭን ነገር አፈሰሰ» አሉኝ ጣታቸውን እያስሄዱ። «ኋላ ደግሞ በወፍራም። እነዚህ ሁለት ቀዳዳዎች ናቸው፣ ልጄ። አንድ አይደሉም።»

«ሲወርድ ምን አደረጉ?»

«ሃምሳ ላይ ለደረጀ ደወልኩ። ‹እኔ አየዋለሁ፣ ቦይለሩን ትተህ እንዳትነሳ› አለኝ። አልተነሳሁም። ሰባት ከአምስት ላይ ጠራኝ። መሰላሉን አውርጄ ልጁን በትከሻዬ ያወጣሁት እኔ ነኝ።»

«ደረጀ አላገዘዎትም?»

«እሱማ አጠገቤም አልነበረም። ከጋኑ ኋላ ነበር።»

ፋኖስ ይዘን ከታናሽ ሥር ገባን። ጋሼ ወርቁ የምላሱን ቤት ሲነኩ እጃቸው ቆመ። ቧንቧው በሙሉ ዝገትና ቀለም ነው፤ አራቱ ብሎኖች ግን ቀለማቸው ተላልጦ ያበራሉ። ፈቱት። ምላሱ ከውስጥ አለ፤ ሥሩ የተነጠፈው ላስቲክ ግን አዲስ ነው። ላይ ወጥተን ደግሞ የቫልቩን ዘንግ በፋኖሱ አየነው። የቧንቧ መፍቻ ጥርስ በልቶታል፤ ጭረቱ ገና አልዛገም።

መዘውሩ በዓሊዪ ኪስ ውስጥ መስጊድ ነበር። ቫልቩን የከፈተው መፍቻ ያለው ሰው ነው።

እሁድ ጠዋት ደረጀን አስመጣሁት። ዳዊት በሩ አጠገብ ቆመ።

«አርብ ምሳ የበላኸው የት ነው?»

«አልኩሽ እኮ፣ ፈረስ መጋላ።»

«የማን ቤት?»

«ከአደባባዩ ጥግ፣ የሐጂ ፉል ቤት። ከስድስት ሰዓት ተኩል ጀምሮ እዚያ ነበርኩ።»

«ያን ቤት ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ» አልኩት። «ሐጂ አርብ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ዘግተው ጁምዓ ይሄዳሉ፤ እስከ ሰባት ተኩል አይከፈትም። አርብም ዘግተው እንደነበር ትናንት ጠይቄአለሁ። እዚህ አገር ትንሽ ብትቆይ ኖሮ ሌላ ቤት ትጠራ ነበር።»

በፋሻ የተጠቀለለውን እጁን ወደ ጉልበቱ ሳበ።

«እጅህን ፍታው።» ዳዊት ፋሻውን ፈታለት። መዳፉ ላይ አራት ትንንሽ ክብ ቃጠሎዎች ተደርድረዋል፤ የብሎን ራስ የሚያህሉ። «ሰው ሲያወጡ እንዲህ አይቃጠሉም። ምላሱን መቼ ነው ያወጣኸው?»

«ባለፈው ቅዳሜ» አለ። «ተጣብቆ ውሃው አልወርድ አለ፣ ሥራ ቆመ። አዲስ ዕቃ ከውጭ እስኪመጣ ስድስት ወር ነው። በየቀኑ ‹ለምን ቆመ› እያሉ ይጮሁብኛል። ለጥቂት ቀን ብቻ ብዬ አወጣሁት።»

«ለማንም አልተናገርክም።»

«ረሳሁት። አርብ ታናሽ እንደሚፋቅ ረሳሁት! ጋሼ ወርቁ ሲደውል ዕቃ ቤት ነበርኩ። ወዲያው ገባኝ። ስሮጥ ደረስኩ፤ ግን ሞቷል። ጸጥ ብሏል።»

«ከዚያ ቫልቩን ለምን ከፈትክ?»

«የሞተ ሰው ነው ብዬ ነው። በዓሊዪ እንዲመስል።»

«ሳዳ እስከ ፉጨቱ ድረስ ማንኳኳት ሰምታለች። ሐኪሟም ከፉጨቱ በፊት በሕይወት ነበር ትላለች። ምን አለህ እንደሻው?»

 ዳዊት የሚጽፍበትን እስክሪብቶ ሲያስቀምጥ ሰማሁ።

«ከላይ ሳየው ቀና አለ» አለ ደረጀ። ድምፁ የሌላ ሰው ሆነ። «ጭጋግ ስለሆነ አላወቀኝም። ‹ዓሊዪ፣ መሰላሉን! እግሬን ጨረሰው፤ ከሥር ነው የሚመጣው› አለኝ። ከሥር ነው አለ። ከወጣ ያንን ነው የሚናገረው። መሰላሉ እጄ ላይ ነበር። መልሼ አስቀመጥኩትና መፍቻውን አነሳሁ።»

ብዙ ነፍሰ ገዳይ አይቻለሁ። አንዳንዱ ያሳዝነኛል፣ አንዳንዱ ያስጠላኛል። በዚህኛው ግን ፈራሁ፤ ምክንያቱም እስከ መሰላሉ ድረስ ከእኛ አንዱ ነበር። ከዚያ ጥፋቱን ለመሸፈን ምላሱን መልሶ ሲያስር ብረቱ ገና እንደ እሳት ነበር፤ እጁ የተቃጠለው ያኔ ነው።

ዳዊት ካቴናውን ካሠረው በኋላ ወደ እኔ ዞሮ «ዓሊዪን ልፍታው?» አለኝ፤ ደስ ብሎት ነበር። «እኔ እፈታዋለሁ» አልኩት።

ከማረፊያ ክፍሉ ስገባ ዓሊዪ ግድግዳ ተደግፎ ተቀምጧል። ማን እንዳደረገው፣ እንዴት እንደተደረገ ነገርኩት። አንድም ጊዜ አላቋረጠኝም። ደረጀንም አልሰደበም።

«እንፋሎቱ ከጀመረ እስከ ፉጨቱ ስንት ደቂቃ ነው?» አለኝ።

«አሥር ያህል።»

«እኔ ቆሜ ቢሆን፣ ሲያንኳኳ መሰላሉን ባወርድለት ይተርፍ ነበር?»

አላውቅም ልለው አፌን ከፈትኩ። ግን እሱን ነፃ ያወጡት እነዚያው አሥር ደቂቃዎች ናቸው። እንደሻው በእነሱ ውስጥ ሕያው ካልነበረ ደረጀ ነፍሰ ገዳይ አይሆንም። የራሔል ቃል መዝገቡ ላይ አለ፤ ዓሊዪ አንድ ቀን ምስክር ሆኖ ሲቆም ከማያውቀው ሰው አፍ ይሰማዋል። ከእኔ ቢሰማው ይሻላል ብዬ ወሰንኩ። ልክ መሆኔን እስከ ዛሬ እርግጠኛ አይደለሁም።

«አዎ» አልኩት። «ይተርፍ ነበር።»

«ጠርቶኛል?»

«ጠርቶሃል።»

ራሱን ነቀነቀ። ኮፍያውን አነሳና ወጣን።

መኪናውን ዳዊት ነዳ። አቦከር ስንደርስ ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ዓሊዪን ሲያይ ወደ እሱ ዞረ። ዓሊዪ በቀጥታ ወደ ገላነሽ ሄዶ ከፊቷ ተንበረከከ። እኔ ላለሳልስለት አስቤ ነበር፤ ዕድል አልሰጠኝም። መዘውሩን ይዞ እንደሄደ፣ አሥሩን ደቂቃ፣ መሰላሉን፣ ስሙን እንደጠራው፣ ሁሉንም አንድ በአንድ ነገራት። ከእንደሻው ዘመዶች አንዱ ሊነሳ ሲል ገላነሽ በእጇ አስቀመጠችው።

«ከእንግዲህ ጁምዓ እግሬ አይረግጥም» አለ ዓሊዪ በመጨረሻ። «ምዬአለሁ።»

 ገላነሽ ስትናገር ድምፅዋ ከለቅሶ ብዛት ተዘግቶ ስለነበር ሁላችንም ጎንበስ አልን።

«አርብ ትሄዳለህ» አለችው። «አሥራ ዘጠኝ ዓመት የላከህ ባሌ ነው። ተው ሳልለው የኖርኩት እኔ ነኝ። አሁን ደግሞ እኔ ልኬሃለሁ። ከቀረህ ግን ሁለታችሁንም ነው የቀበርኩት።»

 ከታሰረ ጀምሮ አንዲት እንባ ያልወጣው ሰው፣ ግንባሩን ጉልበቷ ላይ ደፍቶ ጮክ ብሎ አለቀሰ። መጀመሪያ ከአንዱ ጥግ፣ ቀጥሎ ከሌላው ጥግ ሰዎች እየተነሱ መጥተው ከበቧቸው።